ሕመምተኛው መሐንዲስ ሲሆን፦ የስኳር ሕመምና ክፍት የሆነው ኮድ

(ለሕዝብ ክፍት በሆነው የፋኩልቲው የንግግር መርሐ ግብር የቀረበ፤ ሙሉ ቃል)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ሕክምና መሣሪያ ቢመስልም በመሠረቱ ስለ ባለቤትነት ነው። ከአንድ ሰው ሰውነት የተለካ ቁጥር የማን ነው? መሣሪያውን የሠራው ኩባንያ ነውን? መሣሪያውን ያዘዘው ሐኪም ነውን? ወይስ ሰውነቱ የተለካው ሰው? ይህ ጥያቄ አጥብቆ የተነሣው በሕግ ትምህርት ቤት አይደለም። ያነሡት የስኳር ሕመምተኞችና የሕመምተኛ ልጆች ወላጆች ናቸው፤ የቀሰቀሳቸውም የሌሊት ሥጋት ነው። ለምን ሌሊት እንደ ሆነ ለመረዳት ስለ በሽታው ጥቂት መናገር ይኖርብኛል። የሕክምና ተማሪዎች ለአንድ አፍታ ታገሡኝ።

ዓይነት 1 የሚባለው የስኳር ሕመም የያዘው ሰው ቆሽቱ ኢንሱሊን ማመንጨት አቁሟል። ስለዚህ ጤነኛ ሰውነት ሳያስበው የሚሠራውን ሥራ እርሱ እያሰበና እያሰላ፣ በመርፌ ወይም በፓምፕ ይሠራዋል። ኢንሱሊኑ ሲያንስ ስኳሩ ይወጣል፤ ከፍታው ለዓመታት ከቀጠለ ዐይንን፣ ኩላሊትንና ነርቭን ይጎዳል። ኢንሱሊኑ ሲበዛ ግን ጉዳቱ ዓመታት አይጠብቅም። ስኳሩ ወርዶ ሰውየው ራሱን ይስታል፤ የሚደርስለት ከሌለም ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ሥራውን ይበልጥ የሚያከብደው መዘግየቱ ነው። ፈጣን የሚባለው ኢንሱሊን እንኳ ከቆዳ ሥር ከተወጋ በኋላ ኃይሉ የሚበረታው አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ነው፤ ውጤቱም ለሰዓታት ይዘልቃል። በቆዳ ላይ ተለጥፎ የሚውለው መለኪያ፣ ማለትም ሴንሰሩ፣ የሚለካው ደሙን ሳይሆን በሕዋሳት መካከል ያለውን ፈሳሽ ስለሆነ፣ እርሱም ደቂቃዎች ወደ ኋላ ይቀራል። ነገሩ መሪውን ካዞሩት ቆይቶ የሚታጠፍ መኪና እንደ መንዳት ነው፤ በመስተዋቱ የሚታየውም ከጥቂት ደቂቃ በፊት የነበረው መንገድ ነው። ሌሊት ሲሆን ደግሞ ሾፌሩ ይተኛል።

ይህን መኪና ሕመምተኛው ራሱ ይንዳው የሚለው ሐሳብ ዛሬ ለማንም ግልጽ ነው። ከ50 ዓመት በፊት ግን ድፍረት ይመስል ነበር። ሪቻርድ በርንስታይን የተባሉ አሜሪካዊ መሐንዲስ በሽታው የያዛቸው በ12 ዓመታቸው ነው። በ1969 (በዚህ ንግግር የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለላቦራቶሪ ሰዎች በሚታተም መጽሔት ላይ አንድ ማስታወቂያ አዩ። ማስታወቂያው ከአንድ ጠብታ ደም የስኳርን መጠን በደቂቃ ውስጥ የሚለካ መሣሪያ መሠራቱን ይናገራል። መሣሪያው ለሕመምተኛ ታስቦ አልተሠራም። ላቦራቶሪ በሚዘጋበት ሌሊት፣ ራሱን ስቶ ወደ ድንገተኛ ክፍል የመጣ ሰው ሰክሮ ይሁን በስኳር ሕመም ምክንያት ይሁን ለመለየት ነበር የታሰበው። ዋጋው 650 ዶላር ያህል ነበር፤ ሻጩም ለሕመምተኛ አይሸጥም። የበርንስታይን ባለቤት ሐኪም ስለነበሩ መሣሪያው በእርሳቸው ስም ታዘዘ።

በርንስታይን በቀን ብዙ ጊዜ እየለኩ፣ የምግባቸውንና የኢንሱሊናቸውን መጠን እየቀያየሩ፣ ውጤቱን እንደ መሐንዲስ መዘገቡ። ጤንነታቸውም ተሻሻለ። ያገኙትን ለሕክምና መጽሔቶች ቢልኩ ተቀባይ አላገኙም። በመጨረሻ ጽሑፋቸው እንዲነበብላቸው ብለው በ45 ዓመታቸው ሕክምና ትምህርት ቤት ገቡ፤ ሐኪምም ሆኑ። ታሪኩ ብዙ ጊዜ እንደ ጽናት ምሳሌ ይነገራል። እኔ ግን ከጽናቱ ይልቅ በሩን ልብ እንድትሉልኝ እሻለሁ፦ አንድ ሰው የገዛ ደሙን ቁጥር ለማወቅ ሐኪም ማግባት፣ ስለዚያ ቁጥር ለመናገር ደግሞ ራሱ ሐኪም መሆን ነበረበት። ዛሬ በየፋርማሲው የሚሸጠው፣ በየቤቱ ያለው የጣት መለኪያ በዚያ በር አልፎ የመጣ ነው።

አሁን ወደ 2012 እንለፍ። ጆን ኮስቲክ በኒው ዮርክ ግዛት የሚኖሩ የሶፍትዌር መሐንዲስ ናቸው። በዚያ ዓመት የአራት ዓመት ልጃቸው በሽታው እንደያዘው ታወቀ። ለሕፃኑ ሴንሰር ተደረገለት፤ ሴንሰሩ በየአምስት ደቂቃው አንድ ቁጥር በኪስ ወደሚያዝ መቀበያ ይልካል። ቁጥሩ ግን ከዚያ መቀበያ አይወጣም። ልጁ መዋዕለ ሕፃናት ሲውል ቁጥሩም እዚያው ይውላል፤ ወላጆቹ ከሥራ ቦታ ሆነው ሊያዩት አይችሉም። ኮስቲክ መቀበያው መረጃውን የሚያስተላልፍበትን ሥርዐት ፈትተው፣ በሽቦ ከስልክ ጋር አገናኝተው፣ ቁጥሮቹን በኢንተርኔት ከፈለጉበት ቦታ ለማየት ቻሉ። በ2013 ይህን በትዊተር ሲያሳዩ ተመሳሳይ ጭንቀት ያለባቸው ወላጆች «ለእኛም» ብለው ጠየቁ።

ከጠያቂዎቹ አንዱ ሌን ዴስቦሮው ነበሩ። እርሳቸውም የሕመምተኛ ልጅ አባት ሲሆኑ፣ በሙያቸው መሐንዲስ ናቸው፤ ቁጥሮቹን በሥዕላዊ መስመር የሚያሳይ ገጽ ለቤታቸው ሠርተው ነበር። ስሙንም ናይትስካውት አሉት። በአማርኛ «የሌሊት ቃፊር» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ሁለቱ ሥራዎች ተጋጠሙ፤ ሌሎችም እየጨመሩበት በ2014 ኮዱ ለማንም ሰው ክፍት ሆነ። በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተሰቦች ተጠቀሙበት። በ2013 መጨረሻ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ በተደረገ ስብሰባ ላይ ከመካከላቸው የወጣ አንድ ቃል የእንቅስቃሴው መጠሪያ ሆኖ ቀረ፦ «አንጠብቅም»።

ቃሉ የችኩል ሰው ቃል ይመስላል። ጉዳዩን ቀረብ ብሎ ያየ ሰው ግን እንዲህ አይፈርድም። ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት አንድን መሣሪያ ሲመረምር የሚመዝነው መሣሪያው ሊያደርስ የሚችለውን ጉዳት ነው። መሣሪያው ባለመኖሩ በየሌሊቱ የሚደርሰው ጉዳት በማንም መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ወላጆቹ ያሉት፣ መጠበቅም ራሱ አደጋ ስለሆነ በሚዛኑ ላይ ይቀመጥ ነው። ይህን ክርክር ከልቤ እቀበለዋለሁ። ገደብ ያለው መሆኑን ወደ ኋላ አነሣለሁ።

ናይትስካውት ቁጥር ያሳያል እንጂ ኢንሱሊን አይሰጥም። ከማሳየት ወደ መስጠት የተደረገው እርምጃ እጅግ ከባድ ነው፤ ታሪኩም ከአንዲት የሲያትል ነዋሪ ይጀምራል። ዳና ሉዊስ በወጣትነታቸው በሽታው የያዛቸው፣ ብቻቸውን የሚኖሩ ሴት ነበሩ። የሴንሰራቸው ደወል ከእንቅልፍ የሚቀሰቅሳቸው አልነበረም። ደወሉን ከፍ ለማድረግ አምራቹን ቢጠይቁ አጥጋቢ መልስ አላገኙም። ኮስቲክ ኮዳቸውን ሲያካፍሏቸው ሉዊስና በኋላ የትዳር ጓደኛቸው የሆኑት ስኮት ሊብራንድ ቁጥሮቹን አውጥተው ጮክ ብሎ የሚጮኽ ደወል ሠሩ። ሁሉም የተጀመረው ከዚህ ነው፤ ከአንድ ደወል ድምፅ። ከዚያ የበሉትንና የወሰዱትን ኢንሱሊን እየመዘገቡ ስኳሩ ከሰዓት በኋላ የት እንደሚደርስ የሚተነብይ ስሌት ጨመሩበት። ስሌቱ ትክክል እየሆነ ሲሄድ ቀጣዩ ጥያቄ ራሱ መጣ፦ ምን ያህል ኢንሱሊን እንደሚያስፈልግ ካወቀ ለምን ለፓምፑ አይነግረውም?

ለፓምፕ ለመናገር የፓምፑን ቋንቋ ማወቅ ይጠይቃል። ቤን ዌስት የተባሉ፣ እነርሱንም በሽታው የያዛቸው የሶፍትዌር ባለሙያ የአንድን የፓምፕ ዓይነት የሬዲዮ ንግግር ለመፍታት ዓመታት ፈጅተው ነበር። ሦስቱ ሥራዎች በታኅሣሥ 2014 ተገናኙ፤ አንዲት አነስተኛ ኮምፒውተር ሴንሰሩን እያነበበች ፓምፑን ማዘዝ ጀመረች። በየካቲት 2015 አሠራሩን ለሁሉም ይፋ አደረጉት፤ ኦፕን ኤፒኤስ ተባለ፤ ክፍት የሆነ ሰው ሠራሽ ቆሽት ማለት ነው። ከኩባንያ የተሠራ የመጀመሪያው ተመሳሳይ ሥርዐት ከአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቃድ ያገኘው በመስከረም 2016 ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት መቆየት እፈልጋለሁ፤ በተለይ የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪዎች ልብ በሉ። የዚህ ሥራ ብልሃት በስሌቱ ርቀት አይደለም፤ ስሌቱ እናንተ ሁለተኛ ዓመት ላይ ልትሠሩት የምትችሉት ነው። ብልሃቱ፣ ነገሮች ሲበላሹ ምን ይሆናል የሚለውን አስቀድሞ በማሰቡ ላይ ነው። የመጀመሪያው ኦፕን ኤፒኤስ ትልቅ መጠን በአንድ ጊዜ እንዲሰጥ አልተፈቀደለትም። ማድረግ የሚችለው ፓምፑ ቀኑን ሙሉ ቀስ በቀስ የሚያንጠባጥበውን መሠረታዊ መጠን ለግማሽ ሰዓት ከፍ ወይም ዝቅ ማድረግ ብቻ ነበር። ኮምፒውተሯ ባትሪ ብትጨርስ፣ ግንኙነቱ ቢቋረጥ፣ ሴንሰሩ ቢወልቅ፣ ግማሽ ሰዓቱ ሲያልቅ ፓምፑ ሐኪሙ ወዳዘዘው የቀድሞ ልክ በራሱ ይመለሳል። በሰውነት ውስጥ ሊጠራቀም የሚችለው ኢንሱሊንም ጣሪያ ተበጅቶለታል። ማሽኑ ሲሞት ሰውየው ትናንት ወደነበረበት ይመለሳል እንጂ ከዚያ አይብስም።

ሁለተኛው ነገር ለእኔ ከዚህም ይበልጣል። ሥርዐቱ በየአምስት ደቂቃው ለሚወስነው ውሳኔ ምክንያቱን በሰው ቋንቋ ይጽፋል፦ ስኳሩ ይህን ያህል ነው፣ ወደዚህ ያመራል፣ ገና ያልሠራ ኢንሱሊን ይህን ያህል አለ፣ ስለዚህ ይህን አደረግሁ። ሕመምተኛዋ ሌሊት የሆነውን ጠዋት አንብባ ልትስማማ ወይም ልትቃወም ትችላለች። ዛሬ ስለ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ስንነጋገር «የውሳኔው ምክንያት ይገለጽ» የሚለውን ጥያቄ እንደ አዲስ ግኝት እንሰማዋለን። ሕይወታቸው በውሳኔው ላይ የተንጠለጠለ ሰዎች ግን ማንም ሳይነግራቸው ከመጀመሪያው ጽፈውታል።

ሕጉን በሚመለከት የያዙት መንገድም ብልህ ነበር። መሣሪያ አልሸጡም፤ ገጥመውም ለሌላ ሰው አልሰጡም። ያወጡት ጽሑፍ ነው፤ ኮድና መመሪያ። እያንዳንዱ ሰው አንብቦ፣ ተረድቶ፣ ለራሱ በራሱ ይሠራል። ሰዎቹ ይህን የመረጡት የቁጥጥር ሕጉ የሚመለከተው የሚሸጠውንና የሚሠራጨውን ስለሆነ ነው። ሆኖም ጥቅሙ ከሕግ ያልፋል፤ ሥርዐቱን በገዛ እጁ የገጠመ ሰው ሲበላሽ ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል።

አሁን ወደማይመቸው ነገር እንምጣ። ያ ሁሉ ሥራ የተሠራው በድሮ ፓምፖች ላይ ነው፤ ምክንያቱም የድሮዎቹ ፓምፖች የሬዲዮ ትእዛዝ ሲቀበሉ አዛዡ ማን እንደ ሆነ አጥብቀው አይጠይቁም ነበር። ይህ የደኅንነት ጉድለት ነው። በ2011 ጄይ ራድክሊፍ የተባሉ የኮምፒውተር ደኅንነት ባለሙያ፣ እርሳቸውም ሕመምተኛ፣ የራሳቸውን ፓምፕ ከውጭ ሆኖ ማዘዝ እንደሚቻል በላስ ቬጋስ ጉባኤ ላይ አሳይተዋል። በሰኔ 2019 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስለ እነዚህ የሜድትሮኒክ ኩባንያ የድሮ ፓምፖች ማስጠንቀቂያ አወጣ፤ ኩባንያውም ሕመምተኞች በአዲስ እንዲለውጧቸው ጠየቀ። ይኸው ጉድለት ለአንዱ የጠላት በር፣ ለሌላው የነጻነት በር ነበር። ሕመምተኞች በአገልግሎት ያረጁ፣ ጉድለታቸው የታወቀ ፓምፖችን እየፈለጉ የሚገዙበት ዘመን የመጣው በዚህ ምክንያት ነው። ሁኔታው ለማንም ክብር የሚሰጥ አይደለም። በሩን መዝጋት ተገቢ ነበር፤ ለባለቤቱ ቁልፍ ሳይሰጡ መዝጋት ግን ተገቢ አልነበረም። ደኅንነቱ የተጠበቀ፣ ባለቤቱ ሲፈቅድ ብቻ የሚከፈት ግንኙነት መሥራት ይቻላል፤ በኋላ የመጡ አንዳንድ ፓምፖችም ይህን አሳይተዋል።

በዚያው ዓመት ግንቦት ወር መሥሪያ ቤቱ ሌላም ማስጠንቀቂያ አውጥቶ ነበር፦ ያልተፈቀደ ሥርዐት ይጠቀም የነበረ አንድ ሕመምተኛ ከመጠን በላይ ኢንሱሊን ተሰጥቶት የሕክምና ርዳታ አስፈልጎታል። የእንቅስቃሴው ወዳጆች ይህን ጉዳይ ፈጥነው ያልፉታል። ማለፍ ግን አይገባም። «አንጠብቅም» የሚለው ክርክር ገደብ አለው ያልሁት ለዚህ ነው፤ ሕመምተኛ ለራሱ የመረጠውን አደጋ ይሸከማል፤ ወላጅ ለልጁ ሲመርጥ ግን አደጋውን የሚሸከመው ሌላ ሰው ነው። ስለዚህ የግለሰቦች ምስክርነት፣ ምንም ያህል ቢበዛ፣ ብቻውን በቂ አይደለም። በወጉ የተደረገ ጥናት ያስፈልግ ነበር።

ጥናቱ የመጣው ከኒው ዚላንድ ነው። ተመራማሪዎች 97 ሕፃናትና ጎልማሶችን በዕጣ ለሁለት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን በአንድሮይድ ስልክ የሚሠራውን ክፍት ሥርዐት ተጠቀመ፤ ሁለተኛው ሴንሰርና ፓምፕ ኖሮት ውሳኔውን ራሱ ሰጠ። ከ24 ሳምንት በኋላ የተለካው የደም ስኳር ከ70 እስከ 180 ሚሊግራም በዴሲሊትር ባለው ተፈላጊ ክልል ውስጥ የቆየበት ጊዜ ነው። በመጀመሪያው ቡድን ከ61 ከመቶ ወደ 71 ከመቶ ከፍ አለ፤ በሁለተኛው ከ58 ወደ 55 ከመቶ ገደማ ዝቅ አለ። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት 14 ከመቶ ነጥብ ነው፤ በቀን ከሦስት ሰዓት በላይ ማለት ነው። በሁለቱም ቡድን ከባድ የስኳር መውረድ አልደረሰም። ውጤቱ በ2022 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ታትሟል። ከጸሐፊዎቹ መካከል ዳና ሉዊስ ይገኛሉ፤ እንደ ተጠኚ ሳይሆን እንደ ተመራማሪ። በርንስታይን ሕክምና ትምህርት ቤት መግባት ያስፈለጋቸውን በር ሉዊስ ዲግሪ ሳይለውጡ ገቡበት።

በጥር 2023 ደግሞ ሕመምተኞች ለአይፎን የሠሩትን ሉፕ የተባለ ኮድ ታይድፑል የተሰኘ፣ ለትርፍ ያልቆመ ድርጅት አሳድጎ ከአሜሪካው ተቆጣጣሪ ፈቃድ አገኘ። መሥራቹ ሃዋርድ ሉክ የሕመምተኛ ልጅ አባት ናቸው። ለፈቃዱ ከቀረበው ማስረጃ ዋናው ኮዱን በገዛ እጃቸው ጭነው ይጠቀሙ ከነበሩ ሰዎች የተሰበሰበ መረጃ ነበር። እንግዲህ ተቆጣጣሪውና ሕመምተኛው በጠላትነት ብቻ የሚተያዩ አይደሉም።

ኮዱ በነጻ ነው። በነጻ የሚገኘው ግን ኮዱ ብቻ ነው። ሥርዐቱን ለመጠቀም ፓምፕ፣ በየአሥር ቀኑ ገደማ የሚለወጥ ሴንሰር፣ ስልክ፣ ያልተቋረጠ የኢንሱሊን አቅርቦትና መመሪያውን በእንግሊዝኛ ወይም በሌላ የውጭ ቋንቋ አንብቦ የመረዳት ችሎታ ያስፈልጋል። በራሳቸው ሀገርም ቢሆን ቀድመው የተጠቀሙት በትምህርትና በገቢ የተሻሉት ናቸው። በእኛ ሀገር የብዙ ሕመምተኞች የዕለት ጥያቄ ከዚህ ይቀድማል፦ ኢንሱሊኑ በዚህ ወር ይገኛል ወይ፣ የመለኪያ ወረቀቱ ዋጋ ስንት ገባ፣ ሲሪንጁስ? ስለዚህ አንድሮይድ ላይ የሚጫነውን ሥርዐት ነገ በየጤና ጣቢያው እንትከል የሚል ሐሳብ ይዤ አልመጣሁም። እንዲህ ያለ ሐሳብ የሚያቀርብ ካጋጠማችሁ መጀመሪያ የመለኪያ ወረቀት ዋጋ ጠይቁት።

የዘመዱን መንፈስ ግን ሩቅ ሄደን አንፈልገውም። በገጠር ማቀዝቀዣ የሌላቸው ሕመምተኞች ኢንሱሊናቸውን በሸክላ ዕቃ ውስጥ፣ ውኃና እርጥብ አሸዋ እየተጠቀሙ ያቆያሉ። ውኃው ከሸክላው ላይ ሲተን ሙቀት ይወስዳል፤ ደረቅ አየር ባለበት ቦታ ደግሞ ይበልጥ ያቀዘቅዛል። በተለያዩ ሞቃት ሀገሮች ያሉ ተመሳሳይ ዕቃዎችን የለኩ ተመራማሪዎች ሙቀቱን በእርግጥ እንደሚቀንሱ አረጋግጠዋል። መለኪያው የመጣው ሰዎቹ ለዓመታት ከተጠቀሙበት በኋላ ነው፤ ልክ እንደ ኒው ዚላንዱ። የሚጎድለን የተደራጀው ክፍል ነው፦ የቱ ሸክላ፣ ስንት ውኃ፣ በየትኛው ወረዳ፣ በየትኛው ወር ስንት ዲግሪ? ቆላ ላይ በሚያዝያ የሚሆነው ደጋ ላይ በሐምሌ ከሚሆነው አንድ አይደለም። ይህን ለመለካት ርካሽ ቴርሞሜትር፣ ደብተር፣ ፈቃደኛ ሕመምተኞችና ውጤቱን ለባለቤቶቹ በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በሌሎችም ቋንቋዎች የሚመልስ አንድ የትምህርት ክፍል ይበቃል። የመረጃው ባለቤቶች ማን እንደሆኑም ከመጀመሪያው ቀን በጽሑፍ ይቀመጥ። ሥራውን ለመጀመር የሚሹ ተማሪዎች ካሉ ከንግግሩ በኋላ እዚሁ አዳራሽ እቆያለሁ።

 ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ።